ሸክላው ሳይዞር የሚሰማው ድምፅ

ሸክላው ሳይዞር ድምፅ ማጉያው «ሽሽሽ» ካለ ብዙዎቻችን የምንወቅሰው ዋናውን አምፕሊፋየር ነው። እኔም በተማሪነቴ ሌላ አምፕሊፋየር ገዛሁ፤ ሽሽታው ግን አልተወኝም። ምንጩ ለካ ፕሪአምፕሊፋየሩ ኖሯል!

በማንኛውም ሬዚስተር ውስጥ ኤሌክትሮኖች በሙቀት የተነሣ ያለ ዕረፍት ይራወጣሉ። ከዚህ የሚመነጨውን ቮልቴጅ ጆን ጆንሰን ለካው፤ ሃሪ ናይኲስት ደግሞ በ1928 እ.ኤ.አ. በስሌት አስረዳው። የ1,000 ኦም ሬዚስተር በክፍል ሙቀት፣ በ20 ኪሎኸርዝ ስፋት፣ 0.6 ማይክሮቮልት ያህል ይሰጣል። ኢምንት ነው እንዳይባል፣ ከአንዳንድ የሸክላ ማጫወቻ ራሶች የሚወጣው ሙዚቃ ራሱ ከግማሽ ሚሊቮልት አይበልጥም። በመጀመሪያው የማጉያ ደረጃ የገባው ሽሽታ ከሙዚቃው ጋር እኩል ይጎላል፤ ኋላ የሚለየው የለም።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት መርፌውን አንሥታችሁ፣ ድምፁን ሁልጊዜ በምታዳምጡበት መጠን ከፍታችሁ ጆሯችሁን አስጠጉ። የምትሰሙት ወፍራም «እምምም» ከሆነ ግን ከመብራት መስመሩ ሊሆን ስለሚችል አስቀድማችሁ የምድር ሽቦውን መርምሩ።