የሕንፃ ግድግዳ ስለ ምን ይሰነጠቃል?

አዲስ የተሠራ ቤት ዓመት ሳይሞላው ግድግዳው ተሰንጥቆ ሲታይ ባለቤቱ በመጀመሪያ የሚወቅሰው ግንበኛውን ነው፤ ግንበኛው ደግሞ ሲሚንቶውን ይወቅሳል፤ ሲሚንቶውም አፍ ቢኖረው መሬቱን ይከስ ነበር። በርግጥ መሬት ሲሰምጥ ግድግዳ ይሰነጠቃል። ነገር ግን መሠረቱ ደኅና ሁኖ ሳለ፥ በላይኛው ፎቅ ብቻ፥ በጫፍ ባሉት ክፍሎች፥ ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ የታየ እንደ ሆነ አብዛኛውን ጊዜ ተጠያቂዋ ፀሐይ ናት። ስለዚህም ነገር ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ለመግለጽ እንወዳለን።

ማናቸውም የሕንፃ ዕቃ ሲሞቅ ይረዝማል፥ ሲበርድ ያጥራል። አርማታ በያንዳንዱ ዲግሪ ሙቀት ከርዝመቱ ከሚሊዮን እጅ 10 እጅ ያህል ይጨምራል፤ የሸክላ ጡብ ግን 6 እጅ ያህል ብቻ ነው። ቁጥሩ ሲሰሙት የሚናቅ ይመስላል። ሆኖም 40 ሜትር ርዝመት ያለው የአርማታ ጣራ በ25 ዲግሪ ቢሞቅ 1 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ከበታቹ ያለው የጡብ ግድግዳ እንደ ጣራው ፀሐይ ስለማይመታው ያን ያህል አይሞቅም፤ እኩል ቢሞቅ እንኳ እኩል አይረዝምም። ጣራው ልሂድ ይላል፥ ግድግዳው ይይዘዋል። ጡብ ደግሞ ሲጫኑት ብርቱ፥ ሲስቡት ደካማ ስለ ሆነ የሚሸነፈው እሱ ነው።

መድኃኒቱ ረዥሙን ሕንፃ በየተወሰነ ርቀት መክፈል ነው። ይህንም ክፍተት ባለሙያዎቻችን ኤክስፓንሽን ጆይንት ይሉታል። ሸክሙን የሚሸከመው ዓምድ ሳይሆን ግድግዳው ራሱ በሆነበት ቤት ግን እንዳገኙ መቁረጥ አይቻልም፤ በክፍተቱ ግራና ቀኝ ሁለት ግድግዳ ቁሞ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ጣራ መሸከም አለበት። ይህ ወጪ ስላለው ባለቤቶች ክፍተቱን ለማራቅ ይፈልጋሉ።

ታዲያ ርቀቱ ስንት ይሁን? የቻይና መንግሥት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው የግንብ ሥራ ደንብ፥ እዚያው የሚፈስ የአርማታ ጣራ ላለው የጡብ ሕንፃ፥ ጣራው ሙቀት መከላከያ ያለው እንደ ሆነ 50 ሜትር፥ የሌለው እንደ ሆነ 40 ሜትር ይፈቅዳል። ጣራው የእንጨት እንደ ሆነ ግን እስከ 100 ሜትር ይደርሳል። ልብ በሉ፤ ግድግዳው ያው ነው፥ የተለወጠው ጣራው ብቻ ነው። በብሎኬት የተሠራ እንደ ሆነ ቁጥሩ ከአምስት እጅ አንዱ ይቀነስለታል፤ 40ው 32 ይሆናል ማለት ነው፤ ብሎኬት ሲደርቅ ይኰማተራልና። የሙቀቱ ልዩነት ብዙ በሆነበትና ቶሎ ቶሎ በሚለዋወጥበት አገርም ርቀቱ እንዲያጥር ደንቡ ያዛል። ቀን ፀሐዩ፥ ሌሊት ብርዱ በሚፈራረቅበት በደጋው አገራችን ረዥም የብሎኬት ትምህርት ቤት በአርማታ ጣራ የሚያሠራ ሰው ይህን ቃል ሳያነብ ባያልፍ መልካም ነው።

የጎንደር ግንቦች በ17ኛው መቶ ዓመት ሲሠሩ ይህ ሁሉ ደንብ የት ነበር የሚል ሰው ይኖራል። በነዚያ ግንቦች ድንጋዩ የተያያዘው በኖራ ነው፤ ኖራ ደግሞ ከሲሚንቶ ይልቅ ለስላሳ በመሆኑ ጥቂት እንቅስቃሴ ይችላል። የሲሚንቶ ብርታት በዚህ ረገድ ጠላቱ ነው።

ስንጥቁን እየደፈኑ ቀለም መቀባት ገንዘብ ማባከን ነው። ሰው ያልተወለትን ክፍተት ሕንፃው ራሱ ከፍቷልና በሚቀጥለው በጋ እዚያው ይከፈታል፤ ክረምት ሲመጣም ውሃው ገብቶ የአርማታውን ብረት ያዝጋል።

ክፍተቱ ስፋቱ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ሁኖ ከጣራው እስከ መሠረቱ አናት መውረድ አለበት። አፈር ውስጥ ሙቀት ብዙ ስለማይለዋወጥ መሠረቱን መቁረጥ አያስፈልግም፤ አንዱ ወገን 4 ፎቅ፥ ሌላው ምድር ቤት ብቻ የሆነ እንደ ሆነ ግን ስለ መስመጡ መሠረቱም ይለያያል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ክፍተቱ በወረቀት ተሥሎ፥ በሥራ ጊዜ የወደቀ ሲሚንቶና የጡብ ስባሪ ሞልቶት መቅረቱ ነው። ልስኑ ከመመታቱ በፊት ቀጭን ረዥም ብረት ከላይ እስከ ታች ማሳለፍ ይበቃል፤ ብረቱ እምቢ ባለበት ስፍራ የተሰነቀረውን በመሮ ለማውጣት ያን ጊዜ ገና ይቻላል።