በአንድ ክር የሚጀመር ሮክ

ጊታር የገዛ ሰው ቀድሞ የሚሞክራት ዜማ አለች፤ የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የዲፕ ፐርፕል «ስሞክ ኦን ዘ ዋተር» (ጭስ በውኃ ላይ) መግቢያ። የሙዚቃ መሣሪያ ሻጮች ሰልችታቸዋለች ይባላል፤ በጀማሪ ግን አይፈረድም።

ዘፈኑ ከእሳት የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 4 ቀን 1971 በስዊዘርላንዷ ሞንትሮ ከተማ ካዚኖ ሙዚቀኛው ፍራንክ ዛፓ እየተጫወተ ሳለ፣ ከታዳሚው መካከል በተተኮሰ የምልክት ርችት አዳራሹ ነደደ። ዲፕ ፐርፕሎች እዚያው አልበም ሊቀርጹ መጥተው ነበርና በከተማዋ ሐይቅ ላይ የተዘረጋውን ጭስ ዘፈን አደረጉት።

መግቢያውን ለመጫወት መጀመሪያ ወፍራሙን ክር ብቻ እንያዝ። 0 ማለት ክሩን ሳይጫኑ መምታት ነው፤ 3 ደግሞ ሦስተኛው ፍሬት፣ ማለትም በጊታሩ አንገት ላይ ያለው ሦስተኛው የብረት መስመር። ዜማው 0፣ 3፣ 5፤ ቀጥሎ 0፣ 3፣ 6፣ 5፤ እንደገና 0፣ 3፣ 5 ብሎ በ3፣ 0 ይዘጋል። ሌባ ጣት 3ን፣ የቀለበት ጣት 5ን፣ ትንሿ ጣት 6ን ትያዝ። ጣት የሚያርፈው ብረቱ ላይ ሳይሆን ከብረቱ ወዲህ ጠጋ ብሎ ነው፤ አለዚያ ክሩ ይንጣጣል።

ጣቶቹ ቶሎ ይለምዳሉ። የሚያስቸግረው ምቱ ነው። በእግርዎ እስከ አራት እየቆጠሩ መሬቱን ይምቱ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ድምፆች ከእግርዎ ጋር እኩል ይወርዳሉ። ቀጣዩ 0 ግን ከአራት በኋላ፣ እግር ሲነሣ ይመጣል፤ 3 እና 6ም እንዲሁ እግር በተነሣበት ናቸው፤ ከእግር ጋር የሚታረቁት 5 ላይ ሲደርሱ ነው። ጀማሪ ሁሉንም ከእግሩ ጋር ማሰለፍ ይቀናዋል፤ ያኔ አንድም ፍሬት ሳይሳት ዘፈኑ ይጠፋል። ስለዚህ ጊታሩን አስቀምጠው በአፍዎ እያሉት በእጅዎ ያጨብጭቡት። የማያጨበጭቡትን አይጫወቱትም።

የባንዱ ጊታሪስት የነበረው ሪቺ ብላክሞር የተጫወተው በመካከለኞቹ ሁለት ክሮች ነው፤ ፍሬቶቹ ያው ናቸው፣ አንድ ጣት ሁለቱን ክር አንድ ላይ ይጫናል። ፒክም (ትንሿን የክር መምቻ) አልተጠቀመም፤ በጣቶቹ ሳባቸው። ፒክ ክሮቹን በተራ ስለሚነካ አንዱ በጥቂቱ ይቀድማል፤ በጣት ሲሳቡ ግን ሁለቱ እኩል ይፈነዳሉ። የዚያ ድምፅ ሹልነት ግማሹ ከዚህ ይመስለኛል፤ አምፕሊፋየሩ የሚጨምረው ሻካራነቱን ነው።

ከቅጂው ጋር ለመጫወትም እነዚህን ሁለት ክሮች መያዝ ግድ ነው፤ ወፍራሙ ክር ላይ ቅኝቱ ዝቅ ብሎ አይገጥምም። ቅጂው በጊታር ብቻ ይጀምራል፤ ሌሎቹ በየተራ ይደርቡበታል። ከከበሮው ጋር መሮጥ ካቃተዎት በስልክዎ ላይ ፍጥነቱን ዝቅ ያድርጉት፤ ዘፈኑ ቸኩሎ አያውቅም።