ባትሪ የሚያንቀሳቅሰው ቅርስ፦ አሮጌ የስዊስ ኳርትዝ የጠላቂ ሰዓት እንዴት ይመረመራል?

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ)



የዛሬው ርእስ ለአንድ የፊዚክስ መምህር እንግዳ ሊመስል ይችላል። አሮጌ ሰዓት መሰብሰብ ብዙውን ጊዜ የባለጸጎች መዝናኛ ተደርጎ ይታያልና። እኔ ርእሱን የመረጥሁት ግን ስለ ማስረጃ ለመናገር ነው። አርባ ዓመት ያስቆጠረ ዕቃ ፊታችን ተቀምጦ ሻጩ «ከፋብሪካ እንደ ወጣ ነው» ሲለን፣ ዕቃው ራሱ የሚሰጠውን ምስክርነት እንዴት እናነብባለን? ምሳሌ የማደርገው ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) ለገበያ የቀረበውን የሆየር 1000 የጠላቂ ሰዓት ነው።

የኳርትዝ አሠራር

ፒየርና ዣክ ኩሪ የተባሉት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1880 እንዳሳዩት፣ የኳርትዝ ክሪስታል በግፊት ሲጨመቅ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ደግሞ ቅርጹ በጥቂቱ ይለወጣል። በእጅ ሰዓት ውስጥ ያለው ክሪስታል እንደ ባለ ሁለት ጣት ሹካ የተቀረጸ ሲሆን፣ በሰኮንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ይህ ቁጥር 15 ሁለቶች እርስ በርሳቸው ሲባዙ የሚገኝ ነው። የኤሌክትሮኒክ ሰርኪዩቱ ንዝረቱን 15 ጊዜ በየተራ ለሁለት ሲያካፍለው በየሰኮንዱ አንድ ምት ይቀራል። ምቱ በጥቅል ሽቦ ውስጥ ሲያልፍ አንዲት ትንሽ ማግኔት ትዞራለች፤ እርሷም ጥርሳሞቹን መንኮራኩሮች ትገፋለች።

ውጤቱ የታወቀ ነው። ተራ የኳርትዝ ሰዓት በወር 15 ሰኮንድ ያህል ሲዛነፍ፣ በስዊዘርላንድ ይፋዊ የምስክር ወረቀት የሚሰጠው በሞላ የሚሠራ ሰዓት በቀን በአማካይ እስከ 4 ሰኮንድ መዘግየት ወይም እስከ 6 ሰኮንድ መቅደም ይፈቀድለታል።

የጃፓኑ ሴይኮ በታኅሣሥ 1969 (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ ሲያቀርብ፣ ስዊሶች ከሁለት ዓመት በፊት በኑሻቴል የሙከራ ናሙናዎች ሠርተው ነበር። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1970 ወደ 90,000 ይጠጋ የነበረው የኢንዱስትሪው ሠራተኛ በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 30,000 ገደማ ወረደ። ሆየርም ከዚህ ማዕበል አላመለጠም፤ የመጀመሪያዎቹን የጠላቂ ሰዓቶች ያሠራው ፈረንሳይ ውስጥ በሚገኝ ሞናን በተባለ ድርጅት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ድርጅቱ ከመሥራቹ ቤተሰብ እጅ ወጣ፤ በ1985ም ታግ የተባለው ኩባንያ ገዛው። ስለዚህ ይህን ሰዓት የሚይዝ ሰው አንድ ኢንዱስትሪ ሲናጋ የተጻፈ ሰነድ ይዟል ማለት ነው።

አንደኛ፦ ስሙ

ከዚህ ታሪክ የመጀመሪያው የምርመራ ነጥብ ይወጣል። በሰዓቱ ገጽ ላይ «ታግ ሆየር» ተጽፎ ሻጩ «የ1981 ነው» ካለ፣ ገጹ ተቀይሯል ወይም ዘመኑ ተሳስቷል። በገጹ፣ በጀርባ ክዳኑና በውስጡ ሞተር ላይ ያሉት ጽሑፎች አንድ ዓይነት ታሪክ መናገር አለባቸው።

ሁለተኛ፦ ብርሃኑ

በዚያ ዘመን ቁጥሮቹና ቆጣሪዎቹ በጨለማ እንዲታዩ ትሪቲየም ያለበት ቀለም ይቀቡ ነበር። በብዙዎቹ ገጾች ግርጌ ከስዊስ ሥሪት ምልክቱ ግራና ቀኝ የሚታየው የላቲን «ቲ» ፊደል ይህንኑ ያመለክታል። የትሪቲየም ግማሽ ዕድሜ 12.3 ዓመት ስለሆነ፣ ከ37 ዓመት በኋላ የሚቀረው አንድ ስምንተኛ ብቻ ነው፤ ብርሃን ሰጪው ዱቄትም በጨረራው ይደክማል። እንግዲህ እ.ኤ.አ. በ1985 ተሠራ የተባለ ሰዓት ዛሬ ሌሊቱን ሙሉ ደምቆ ካበራ፣ ቀለሙ አዲስ ነው። ቆጣሪዎቹ ነጭ፣ ነጥቦቹ ቢጫ ከሆኑም ከሁለቱ አንዱ ተቀይሯል ብሎ መጠርጠር ይገባል። የትሪቲየም ጨረር መስተዋቱን አልፎ አይወጣም፤ ነገር ግን ክዳኑን ከፍቶ ቀለሙን መፋቅና ብናኙን መተንፈስ አይገባም።

ሦስተኛ፦ ውኃው

እዚህ ላይ ጉዳዩ ከገንዘብ አልፎ ወደ ሕይወት ይደርሳል። «200 ሜትር» የሚለው ጽሑፍ፣ ውኃው በየ10 ሜትሩ አንድ ከባቢ አየር ያህል ግፊት ስለሚጨምር፣ ወደ 20 ከባቢ አየር የሚጠጋ ተጨማሪ ግፊት መቋቋምን ያመለክታል። ይህን ግፊት የሚመክቱት ግን ቀጫጭን የጎማ ቀለበቶች ናቸው። ብረቱ ሳይለወጥ ጎማው በዕድሜ ይደርቃል፤ ጽሑፉ ስለ ትናንት እንጂ ስለ ዛሬ አይመሰክርም።

ቀላል ፍተሻ አለ። ሰዓቱ እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይሞቅና መስተዋቱ ላይ አንድ ጠብታ ቀዝቃዛ ውኃ ይደረግበታል። ከውስጥ በኩል ጉም ከታየ እርጥበት ገብቷል። ጎማው በሚያርፍበት ከንፈር ላይ በዝገት የተቦረቦሩ ጉድጓዶች ካሉ አዲስ ጎማም ላያድን ይችላል። ተሽከርካሪው ቀለበት ደግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ መዞር አለበት። ይህም ቀለበቱ በድንገት ተገፍቶ ቢዞር ጠላቂው ውኃ ውስጥ የቆየው ከእውነተኛው ጊዜ የበለጠ መስሎት ቶሎ እንዲወጣ ነው። ወደ ሁለቱም አቅጣጫ የሚዞር የተበላሸ ቀለበት ይህን ጥበቃ ያሳጣል።

አራተኛ፦ ልቡ

የቆመ የኳርትዝ ሰዓት ሁሉ የሞተ አይደለም። አንዳንዱ ዘይቱ ደርቆ ሞተሩ ስለከበደው ብቻ ይቆማል፤ ጽዳትና ዘይት ያስነሣዋል። የሰኮንድ ቆጣሪው በየ4 ሰኮንዱ የሚዘል ከሆነ ደግሞ በብዙ ሞተሮች ላይ ባትሪው ማለቁን የሚያሳውቅ ምልክት ነው። ፈስሶ ሰርኪዩቱን የበላ ባትሪ ወይም የተበጠሰ ጥቅል ሽቦ ግን ከባድ ጉዳት ነው። የተሰበረ መንኮራኩር ጎበዝ ሰዓት ሠሪ ቀርጾ ሊተካ ይችላል፤ የተቃጠለ ሰርኪዩት ግን በእጅ አይሠራም። ትርፍ ዕቃው ሲያልቅ ጥገናውም ያበቃል።

ከዚህ የተነሣ በሰብሳቢዎች መካከል ክርክር አለ። አንዳንዶች «አዲስ ሞተር ይግባበት፣ ሰዓት ዋጋው መሥራቱ ነው» ይላሉ። ሌሎች «የመጀመሪያው ሞተር ከወጣ የቀረው ቆርቆሮ ነው» ይላሉ። በእኔ አመለካከት ሞተር መቀየር ነውር አይደለም፤ ነውሩ መደበቁ ነው። አሮጌው ሞተር በትንሽ ከረጢት ከሰዓቱ ጋር ይቀመጥ፤ የተለወጠው ሁሉ በጽሑፍ ይያዝ፤ ዋጋውም በዚሁ መጠን ይቀነስ። ሰዓቱ ሳይታሰር ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነም ባትሪው ይውጣ።

«ኳርትዝ ርካሽ ነው፤ ምን ይሰበሰባል?» ለሚሉ ደግሞ አንድ ነገር ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው «ጎልደንአይ» ፊልም ጄምስ ቦንድን ሆኖ የተወነው ፒርስ ብሮስናን ያሰረው የኦሜጋ የጠላቂ ሰዓት በኳርትዝ የሚሠራ ነበር።

ለማጠቃለል፣ ስሙን ከዘመኑ፣ ብርሃኑን ከዕድሜው፣ ጽሑፉን ከጎማው፣ እንቅስቃሴውን ከሞተሩ ጋር አስተያዩ። አራቱ ከተስማሙ ዋጋውን ተነጋገሩ፤ ካልተስማሙም ልዩነቱ ምን እንደሆነ አውቃችሁ ግዙ ወይም ተዉት። ከገዛችሁ በኋላም በግፊት መሣሪያ ሳታስፈትሹ ይዛችሁ ውኃ አትግቡ።