ስሱ የመብራት ሳጥን በእንጨት ቋሚ ላይ

በሰሜን አሜሪካ የመኖሪያ ቤት ግድግዳ በአብዛኛው በብሎኬት ሳይሆን በእንጨት ቋሚዎች የሚሠራ ሲሆን፣ የተለመደው ቋሚ ፊቱ 3.8፣ ጥልቀቱ ደግሞ 8.9 ሴንቲሜትር ሆኖ ከሚቀጥለው ቋሚ ጋር ከመሐል እስከ መሐል ሲለካ 16 ኢንች፣ ማለትም 40 ሴንቲሜትር ገደማ ተራርቆ ይቆማል። በቋሚዎቹ ላይ ብዙውን ጊዜ 12.7 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የጂፕሰም ቦርድ ይመታል፤ በመካከላቸው የሚቀረው ባዶ ቦታም የኤሌክትሪክ ገመድ መተላለፊያና የመብራት፣ የሶኬትና የማብሪያ ማጥፊያ ሳጥኖች ማረፊያ ይሆናል። ሽቦ ከሽቦ የሚጋጠምበት ቦታ ሁሉ፣ ከመጋጠሚያው የሚነሳ ብልጭታ ወደ እንጨቱ እንዳይዛመት፣ በሳጥን ውስጥ መሆን አለበት። የተለመደው ሳጥን ግን ብዙ ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ የሚዘልቅ በመሆኑ በቋሚው ጎን ይመታል እንጂ በፊቱ ላይ ሊያርፍ አይችልም።

ችግሩ የሚጀምረው የመብራቱ ቦታ አስቀድሞ ተወስኖ ሲገኝ ነው። ከመታጠቢያ ቤት መስታወት በላይ የሚሰቀል መብራት ከመስታወቱ መሐል ጋር መግጠም አለበት፤ የኮሪደር ኮርኒስ መብራትም ከግራና ከቀኝ ግድግዳ እኩል ካልራቀ ጉድለቱ ከሩቅ ይታያል። ቋሚዎቹን የተከለው አናጺ ስለ መስታወቱ የሚያስብበት ምክንያት ስለሌለው፣ ሳጥኑ ሊገባበት በታሰበው ቦታ ላይ ልክ መሐሉን ይዞ ቋሚ ወይም የኮርኒስ ወራጅ መገኘቱ የተለመደ ነው። እንጨቱን ጠርቦ ሳጥኑን ማስገባት ቀላል መስሎ ቢታይም፣ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የሚሠራበት የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ ሸክም በሚሸከም ግድግዳ ውስጥ የቆመን ቋሚ ከጥልቀቱ ሩብ በላይ መጥረብን ስለሚከለክል፣ ሊነሳ የሚችለው ከ2.2 ሴንቲሜትር አይበልጥም፤ ይህ ደግሞ ለተራው ሳጥን አይበቃውም።

ለዚህ ችግር የተሠራው መፍትሔ በሙያው አነጋገር ፓንኬክ ቦክስ የሚባለው፣ አራት ኢንች ወይም አሥር ሴንቲሜትር ያህል ስፋትና ግማሽ ኢንች ብቻ ጥልቀት ያለው ክብ የብረት ሳጥን ነው። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊሜትር፣ ማለትም የጂፕሰም ቦርዱ ውፍረት በመሆኑ፣ በቦርዱ ላይ ክብ ቀዳዳ ተቆርጦ ሳጥኑ በጀርባው በኩል በብሎን ከቋሚው ፊት ጋር ሲታሰር ከንፈሩ ከግድግዳው ገጽ ጋር እኩል ይሆናል፤ እንጨቱም አይጠረብም። ብሎኖቹ በቀጥታ ወደ እንጨቱ ስለሚገቡ፣ ከሳጥኑ ጥቅሞች ሁሉ ትልቁ እዚህ ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ በሁለት ወራጆች መካከል በተዘረጋ ብረት ላይ ከሚንጠለጠለው ጥልቅ ሳጥን ይልቅ ይኼኛው አይወዛወዝም።

የገመዱ አገባብ ግን ልኬት ይጠይቃል። በሳጥኑ ጀርባ ላይ በፋብሪካ በከፊል ተቆርጠው በመዶሻ ምት የሚነቀሉ፣ ወደ 22 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው ክብ ክዳኖች ይገኛሉ፤ ገመዱን የሚይዘው ማሰሪያ የሚገባውም በእነዚህ ቀዳዳዎች ነው። አሥር ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ሳጥን በ3.8 ሴንቲሜትር ቋሚ መሐል ላይ ሲያርፍ በየጎኑ ሦስት ሴንቲሜትር ያህል ከእንጨቱ ውጭ ስለሚተርፍ፣ ቀዳዳው በዚያ ትርፍ ላይ እንዲውል ሳጥኑን ማዞር ይበቃል፤ ገመዱም በቋሚው ጎን ወጥቶ ከኋላ ይገባል። ሁለት ቋሚዎች ተጣብቀው በቆሙበት ቦታ ግን የእንጨቱ ስፋት 7.6 ሴንቲሜትር ስለሚደርስ በየጎኑ የሚተርፈው ከአንድ ሴንቲሜትር ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ይሆናል፤ እዚያ ላይ ማሰሪያው መውጫ ያጣል። መብራቱን የሚይዙት ብሎኖች ርዝመትም ሊታይ ይገባል፤ ከመብራቱ ጋር የሚመጣው ረዥም ብሎን በዚህ ሳጥን ውስጥ የጀርባውን ብረት ስለሚነካ ወይም ሽቦ ስለሚቆርጥ አሳጥሮ መጠቀም ግድ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የሳጥኑ መጠን ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣውና ዛሬ በየሦስት ዓመቱ የሚታደሰው የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ደንብ፣ በሳጥን ውስጥ የታጨቁ ሽቦዎች ሙቀታቸውን ማስወጣት እንዳያቅታቸውና ልባሳቸው ተጨፍልቆ እንዳይቀደድ፣ ለእያንዳንዱ ሽቦ የተወሰነ ቦታ እንዲተው ያዛል። ቁጥር 14 የሚባለው፣ በ15 አምፔር ብሬከር ሥር የሚዘረጋው ሽቦ 2 ኪዩቢክ ኢንች፣ ወፈር ያለውና ለ20 አምፔር የሚሆነው ቁጥር 12 ደግሞ 2.25 ኪዩቢክ ኢንች ይፈልጋል፤ ወደ መሬት የሚያያዙት የጥበቃ ሽቦዎች እስከ አራት ድረስ በአንድነት እንደ አንድ ይቆጠራሉ። የባለ አራት ኢንቹ ስስ ሳጥን መጠን ብዙውን ጊዜ 6 ኪዩቢክ ኢንች ነው። አንድ የቁጥር 14 ገመድ ሲገባ ኤሌክትሪክ የሚያመጣው፣ የሚመልሰውና የመሬቱ ሽቦ በጠቅላላው 6 ስለሚሆኑ ሳጥኑ አንዲት ትርፍ ሳይኖረው ልክ ይሞላል። የቁጥር 12 ገመድ ከሆነ ድምሩ 6.75 ይደርሳልና አይፈቀድም። ገመዱ ወደ ሌላ መብራት የሚቀጥል፣ ማለትም አንድ ገብቶ ሌላ የሚወጣ ከሆነ ድምሩ በቁጥር 14 እንኳ 10 ይሆናል። ገመዱን የሚጨብጠው ማሰሪያ በሳጥኑ ውስጥ ከተሠራ እርሱም እንደ አንድ ሽቦ ይቆጠራል፤ ያኔ አንዱ ገመድ ራሱ አይበቃም። ከዚህ ስሌት የሚወጣው ነገር ግልጽ ነው፤ ስሱ ሳጥን የሚያገለግለው ገመዱ በሚያበቃበት የመጨረሻ መብራት ላይ ብቻ ነው። መብራቱን የሚሸፍነው ጎድጓዳ ክዳን ለመጋጠሚያዎቹ እፎይታ ይሰጣል ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ በተግባር ይሰጣል፣ ነገር ግን አምራቹ መጠኑን ካልጻፈበት በቀር ደንቡ አይደምረውም።

ክብደትን በሚመለከት፣ በኮርኒስ ላይ መብራት እንዲይዝ የተሠራ ሳጥን ቢያንስ 50 ፓውንድ፣ ማለትም 23 ኪሎ ግራም ያህል መሸከም ይጠበቅበታል። የኮርኒስ ማራገቢያ ግን ከክብደቱ ይልቅ ንዝረቱ ብሎንን ስለሚያላላ፣ ለማራገቢያ ተብሎ በግልጽ ባልተጻፈበት ሳጥን ላይ እንዲሰቀል አይፈቀድም። ለዚህና ብዙ ገመድ ለሚገናኝበት ቦታ የተሻለው ከወራጁ ሥር እንደ ኮርቻ የሚቀመጠው ሳጥን ነው፤ መሐሉ ስስ ሆኖ በወራጁ ግራና ቀኝ ሁለት ጥልቅ ኪሶች ስላሉት፣ መሐል ላይ የማረፍን ጥቅም ሳያጣ የመጠንን ችግር ይፈታል። ዋጋው ከስሱ ሳጥን ይበልጣል፤ ልዩነቱ ግን የሚያስቆጭ አይደለም።

በአሜሪካ የእንጨት ቤት ገዝተው አሮጌ መብራት የሚቀይሩ ኢትዮጵያውያን፣ ብሬከሩን አጥፍተውና ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በመሣሪያ ፈትሸው ክዳኑን ሲያወርዱ፣ በግማሽ ኢንች ሳጥን ውስጥ ሁለትና ሦስት ገመድ ተጨናንቆ ሊያገኙ ይችላሉ። እንዲህ ያለውን ሳጥን በአዲስ መብራት መልሶ መሸፈን አይገባም፤ ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ አይቶት ሳጥኑ በጥልቅ ወይም በኮርቻ መሰሉ ሊተካ ይገባል።