የሚጥል በሽታ፦ ካርዱን የት እናውጣ?

በእኛ አገር «ካርድ ማውጣት» ማለት ጤና ጣቢያ ገብቶ፣ ስምና ዕድሜ አስመዝግቦ፣ ወረፋ መጠበቅ ነው። ሜሪላንድ የሚኖር ዘመድ ግን «ለልጁ ካርድ አውጡለት» ሲል ሌላ ነገር ማለቱ ሊሆን ይችላል። እዚያ ሐኪም መርምሮ «ካናቢስ ሊጠቅመው ይችላል» ብሎ ካረጋገጠ ግዛቱ ለሕመምተኛው መታወቂያ ይሰጠዋል፤ እሱን የያዘ ሰው ፈቃድ ካለው መደብር ይገዛል። የሚጥል በሽታ ላለበት ልጇ ስንት ዓመት ጸበልና ሐኪም ቤት የተመላለሰች የሰበታ እናት ይህን በስልክ ስትሰማ ተስፋዋ ቢለመልም ማንም ሊፈርድባት አይችልም። እውነቱ ግን ሊነገራት ይገባል።

ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያለ ካርድ የለም። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፆችን ያለ ፈቃድ ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን ወንጀል አድርጎታል፤ ካናቢስም ከእነዚሁ ዕፆች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 የተባበሩት መንግሥታት የዕፅ ኮሚሽን በ27 ለ25 ድምፅ ካናቢስን እጅግ ጥብቅ ከሆነው ሠንጠረዥ ቢያወጣውም፣ በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር እንዳለ ነው፤ የእያንዳንዱ አገር ሕግም በዚያ ድምፅ አልተለወጠም። ስለዚህ በሰበታ፣ በቡራዩም ሆነ በሱሉልታ «ፈቃዱን እኔ አስጨርስላችኋለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ብቻ ሳይሆን ነፃነታችሁንም አደጋ ላይ እየጣለ ነው።

ይህ ማለት የዘመዱ ወሬ ከመሬት ተነሥቶ የመጣ ነው ማለት አይደለም። በካናቢስ ተክል ውስጥ ከ100 በላይ ካናቢኖይድ የሚባሉ ውሁዶች አሉ። ሁለቱ ጎልተው ይታወቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1964 እስራኤል ውስጥ ራፋኤል መሹላምና ባልደረባው ነጥለው ያወጡት ቲኤችሲ የሚያሰክረው ነው፤ በአንዳንድ ሰው ላይ፣ በተለይ በወጣቶች፣ የአእምሮ መቃወስ ሊያስነሳ ይችላል። ሌላው ካናቢዲዮል አያሰክርም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ድራቬት በተባለ እምብዛም የማያጋጥምና ብርቱ የሚጥል በሽታ የተያዙ 120 ልጆችንና ወጣቶችን ለሁለት ከፍሎ አወዳደረ። ካናቢዲዮል የወሰዱት በወር 12.4 ጊዜ ገደማ የነበረው መንቀጥቀጣቸው ወደ 5.9 ወረደ፤ መድኃኒት አልባውን ሽሮፕ የወሰዱት ከ14.9 ወደ 14.1 ብቻ። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ፈቀደው።

የፈቀደው ግን ቅጠሉን አይደለም፤ ተጣርቶ በሚሊግራም የሚለካ ሽሮፕ ነው። ለጥቂት ብርቱ የበሽታው ዓይነቶች፣ ብዙውን ጊዜም ሌሎች መድኃኒቶች ላይ ተደርቦ ይሰጣል። ተቅማጥና ድብታ ያስከትላል፤ ቫልፕሮኤት ከሚባለው ኪኒን ጋር ሲወሰድ ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል የደም ምርመራ ይፈልጋል። በጀርባ በር የተገዛ ዘይት ውስጥ ምን ያህል ካናቢዲዮል፣ ምን ያህል ቲኤችሲ እንዳለ ማን ያውቃል? ለልጅ አንጎል የሚሰጥ ነገር በግምት አይሰጥም።

እኔን የሚያሳስበኝ ዋናው ነገር ሌላ ነው። ብዙው ሕመምተኛችን ይህ ሽሮፕ የመጨረሻው ደረጃ ወደሆነበት መሰላል ገና አልወጣም። የመጀመሪያውን እርከን እንኳ ያልረገጠ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም 50 ሚሊዮን ያህል ሰው የሚጥል በሽታ እንዳለበት፣ በአግባቡ ከታከሙም እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ከመውደቅ ሊያርፉ እንደሚችሉ ይገልጻል። በግላስጎው 525 ሕመምተኞች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት ቀድሞ መድኃኒት ካልወሰዱት ውስጥ 47 በመቶው በመጀመሪያው መድኃኒት ብቻ ከመውደቅ እንዳረፉ አሳይቷል። በአገራችን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው ጥናት ከ1,000 ሰው 5.2ቱ በሽታው ነበረባቸው። በዚህ ስሌት 100,000 ሰው በሚኖርበት ከተማ 520 ሰው ይኖራል ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች የሚያስፈልጋቸው ፌኖባርቢታልን የመሰለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ የሚታወቅ ርካሽ ኪኒንና አጥብቆ የሚከታተላቸው ባለሙያ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ባለሙያ ያለበትን ጥሩ ክሊኒክ በምን እንለየው? በሚያዳምጥ ጆሮው። የሚጥል በሽታ በዋናነት የሚታወቀው በታሪክ ነው። ጥሩ ባለሙያ ሕመምተኛውን ብቻ ሳይሆን ሲወድቅ ያየውን አስታማሚም ይጠይቃል፦ ከመውደቁ በፊት ምን አለ? መንቀጥቀጡ ከአንድ ወገን ጀመረ ወይስ መላ አካሉን? ምላሱን ነከሰ? ሽንት አመለጠው? ስንት ደቂቃ ቆየ? ሲነቃ ግራ ተጋባ? ሲወለድ ምጡ ጠንቶ ነበር? ማጅራት ገትር ወይም የጭንቅላት ጉዳት ደርሶበት ያውቃል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ጊዜ ያልሰጠ፣ ሦስት ደቂቃ አይቶ ኪኒን የጻፈ ክሊኒክ ግድግዳው ቢያብረቀርቅም አይጠቅማችሁም። የቋንቋውም ነገር ቀላል አይደለም። በአፋን ኦሮሞ አፏን የፈታች እናት የልጇን አወዳደቅ በዚያው ቋንቋ ብትናገር ነው አንድም ነገር የማይቀርባት፤ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ይህን የሚረዳ ባለሙያ መምረጥ የሕክምናው አካል ነው። ልጁ ሲጥለው ሌላ ሰው በስልኩ ቪዲዮ ቢቀርጽ ደግሞ ከብዙ ወረቀት ይበልጣል።

ማሽን ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚለካው ኢኢጂ እ.ኤ.አ. በ1924 ጀርመን ውስጥ በሐንስ በርገር የተጀመረ ትልቅ ግኝት ነው። ሆኖም በመጀመሪያው ምርመራ ምልክቱ የሚገኘው ከሕመምተኞቹ በግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። «ኢኢጂህ ንጹሕ ነውና በሽታ የለብህም» ያለ ባለሙያ ተሳስቷል፤ የወደቀን ሰው ሁሉ ያለ ምክንያት ወደ ሲቲ ስካን የሚልክም እንዲሁ። ራሱን የሳተ ሁሉ የሚጥል በሽታ የለበትም፤ የልብ ምት መዛባትም፣ የደም ስኳር መውረድም ይጥላል። ስኳር መለካትና የልብ ምርመራ ማድረግ ያልረሳ ክሊኒክ ሥራውን ያውቃል።

ቀጥሎ ክትትሉን ጠይቁ። በየጊዜው ያው ባለሙያ ያያችኋል? የወደቀበትን ቀን ከካርዱ ላይ ይመዘግባል? መጠኑን ቀስ እያለ ይጨምራል ወይስ በየቀጠሮው መድኃኒት ይለዋውጣል? ለልጃገረድ ወይም ለወጣት ሴት ቫልፕሮኤት ሲያዝ ስለ እርግዝና ካላነሣ አስቁሙትና እናንተ ጠይቁ፤ መድኃኒቱ ፅንስን በብርቱ ይጎዳል። ፌኖባርቢታል በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር ያለ ስለሆነ ማዘዣው ከእጃችሁ አይለይ።

ከየት ይጀመር? ከአቅራቢያችሁ ጤና ጣቢያ። ሦስቱም ከተሞች ዛሬ የሸገር ከተማ ክፍለ ከተሞች ናቸው፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁም መድኑ በቅጡ የሚያገለግላችሁ በሪፈር ወረቀት ስትሄዱ ነው። በበቂ መጠን የተሰጡ ሁለት ተገቢ መድኃኒቶች ካላቆሙት የነርቭ ሐኪም ዘንድ መላክ መብታችሁ ነው። ከቡራዩ በአስኮ፣ ከሱሉልታ በአዲሱ ገበያ ለሚገባ ሰው ጳውሎስ ሆስፒታል ይቀርባል፤ ከሰበታ በጅማ መንገድ የሚመጣ አለርት ሆስፒታልን ያገኛል። የነርቭ ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግን ለሁሉም የመጨረሻው ደጅ ነው።

ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ ስትወርዱ እንጦጦ ላይ የጸበል ቦታው አለ። ጸበሉንም ኪኒኑንም አብሮ መውሰድ ይቻላል፤ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ለኤች አይ ቪ መድኃኒት ተጠቃሚዎች ይህንኑ አስተምረዋል። አደገኛው ኪኒኑን በድንገት ማቋረጥ ነው፤ ያለ ማቋረጥ የሚቀጥልና ሕይወት የሚያሳጣ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል።

የወደቀን ሰው ክብሪት አታሽትቱት፤ በአፉ ማንኪያ አታስገቡ። ከእሳት አርቃችሁ በጎኑ አስተኙት፤ ለሀጩ በሽታ አያስተላልፍም። መንቀጥቀጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ቤት ውስጥ የምትወስዱትን ኪኒን ደግሞ ዛሬ ቁጠሩት፤ የሰባት ቀን ሲቀር ቀጠሮው ባይደርስም ወደ ክሊኒካችሁ ሂዱ።