ሒሳብን ከሥሩ፤ ለመግቢያ ፈተና ለሚሰናዱ ታናናሾቻችን

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት የጀመረው ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች አንሥቶ ነው። በዚያ ዙር ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ሆኑ። ቍጥሩ ከፍ ማለቱ ደስ ቢያሰኝም፣ ከመቶው ተፈታኝ ከ90 የሚበልጠው ከመስመሩ በታች መቅረቱን አይሸፍነውም።

ብዙዎቻችን ለዕረፍት ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ በተመለስን ቍጥር ታናናሾቻችን የሚያቀርቡልን ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ሒሳቡን ከየት ልጀምር?» የሚል ነው። ጥያቄው የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ብቻ አይደለም፤ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪም ሒሳብ ይፈተናልና። የዚህ ጽሑፍ መልስ አጭር ነው፤ ከ12ኛ ክፍል መጽሐፍ አትጀምሩ፣ ከ6ኛና ከ7ኛ ክፍል ጀምሩ። ተማሪው ከባድ የሚለውን ጥያቄ መንገዱን አውቆት ሳለ የሚጥለው፣ አብዛኛውን ጊዜ በመካከል የሚገኝ አንድ ክፍልፋይ ወይም አንድ የመቀነስ ምልክት ነው። በፈተናው አዳራሽ ደግሞ የሒሳብ መኪና የለም፤ ያለው እጅና አእምሮ ነው።

አንደኛ፣ ክፍልፋይ። 1/2 ሲደመር 1/3 ስንት ነው ሲባል «2/5» ብሎ የሚመልስ ጥቂት አይደለም። ላዕሉን ከላዕል፣ ታሕቱን ከታሕት ደመረ ማለት ነው። ነገር ግን 2/5 ከ1/2 ያንሳል። ግማሽ ዳቦ የነበረው ሰው ሢሶ ቢጨመርለት እንዴት ከግማሽ በታች ይቀርበታል? ዳቦውን 6 ቦታ እንቍረሰው፤ ግማሹ 3 ቍራሽ፣ ሢሶው 2 ቍራሽ፣ ድምሩ 5/6 ይሆናል። ታሕትን ማስተካከል ማለት ቍራሹን እኩል ማድረግ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምሥጢር የለውም።

ሁለተኛ፣ በመቶ። አንድ ኪሎ የማረቆ በርበሬ 500 ብር ነበረ እንበል። ዋጋው በ20 በመቶ ጨመረ፤ ከዚያም በ20 በመቶ ቀነሰ። አሁን ስንት ነው? የቸኰለ ተማሪ «ያው 500» ይላል። ሲጨምር 600 ሆነ፤ የ600 ደግሞ 20 በመቶው 120 ነው፤ ስለዚህ የቀረው 480 ብር ነው። የቡታጅራ ገበያ ነጋዴ በዚህ አይሳሳትም፤ ምክንያቱም መቶኛ ሲነገረው አስቀድሞ «ከምኑ?» ብሎ ይጠይቃል። ተማሪውም ወረቀት ላይ ይህንኑ ይጠይቅ።

ሦስተኛ፣ የመቀነስ ምልክትና ቅንፍ። 5 − 2(ሀ − 3) = 1 ቢሰጥ፣ ብዙው ሰው ቅንፉን ሲፈታ 5 − 2ሀ − 6 ብሎ ይጽፋል። ትክክለኛው 5 − 2ሀ + 6 ነው። ነገሩን በዕዳ አስቡት፤ የ3 ብር ዕዳ ሁለት ጊዜ ቢሠረዝልህ 6 ብር አተረፍህ እንጂ 6 ብር አልከሰርህም። እንግዲህ 11 − 2ሀ = 1፣ ስለዚህ ሀ = 5 ይሆናል። መልሱን መልሶ ማስገባት ደግሞ ልማድ ይሁን፤ 5 − 2(5 − 3) = 5 − 4 = 1፤ ልክ ነው። የተሳሳተው መንገድ የሚያወጣው ሀ = −1 ነው፤ ይህ ሲገባ 13 ስለሚመጣ ስሕተቱ ራሱን ያጋልጣል።

አራተኛ፣ የድምር ካሬ። (3 + 4)² ከ3² + 4² ጋር እኩል አይደለም፤ የመጀመሪያው 49፣ ሁለተኛው 25 ነው። የጠፋው 24 የት ሄደ? ጎኑ 7 ሜትር የሆነ የእንሰት ጓሮ በሐሳባችሁ ሣሉ፤ እያንዳንዱን ጎን 3 እና 4 ሜትር ላይ ክፈሉት። 9 እና 16 ካሬ ሜትር የሆኑ ሁለት መደቦች ይወጣሉ፤ በተጨማሪም 3 በ4 የሆኑ ሁለት መደቦች ይቀራሉ። እነዚህ ሁለቱ ናቸው 24ቱ።

እነዚህ የተያዙለት ተማሪ የ12ኛ ክፍል መጽሐፍ መጀመሪያ የሆነውን የቍጥር ተርታ ሲያገኝ አይደነግጥም። አንድ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት 10 ብር፣ በሁለተኛው 20፣ እንዲህ እያለ በ12ኛው ሳምንት 120 ብር ቢቆጥብ ጠቅላላው ስንት ነው? የፊተኛውንና የኋለኛውን አጣምሩ፤ 10 እና 120፣ 20 እና 110፣ ሁሉም ጥንድ 130 ነው። ጥንዱ 6 ስለሆነ 780 ብር። ቀመሩ የሚለው ይህንኑ ነው።

አንድ ሌላ መሰናክል አለ፤ እሱም ቋንቋው ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱም ሆነ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። «አት ሊስት» ማለት «ቢያንስ»፣ «አት ሞስት» ማለት «ቢበዛ» መሆኑን ያላጠራ ተማሪ፣ ሒሳቡን እያወቀ ምልክቱን ይገለብጠዋል። «ፋይቭ ሌስ ዛን ኤክስ» የሚለውም 5 ሲቀነስ ኤክስ አይደለም፤ ኤክስ ሲቀነስ 5 ነው። እንዲህ ያሉትን ቃላት ከነትርጉማቸው በአንድ ገጽ ጽፎ መያዝ ይጠቅማል።

የክለሳው ሥርዓት እንዲህ ቢሆን መልካም ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ክፍልፋይና በመቶ፣ በሁለተኛው ምልክትና እኩልዮሽ፣ በሦስተኛው ካሬና ሥር፣ በአራተኛው ግራፍና የቅርጾች ስፋት ይከለሱ። ከዚያ በኋላ የቀድሞ ዓመታት ፈተናዎችን ሰዓት ይዞ መሥራት ነው። የተሳሳተውን ሁሉ ከነምክንያቱ በአንድ ደብተር ይመዝግብ፤ ከአንድ ወር በኋላ የሚያየው የራሱን ሁለት ወይም ሦስት ስሕተቶች ሲደጋገሙ ነው። እነዚያን ካረመ ብዙ ነጥብ አዳነ።

ውድ አንባቢያን፣ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላል ያገራችን ሰው። በሚቀጥለው ዕረፍት ወደ አገራችን ስንገባ የምንወስድላቸው ምክር ብቻ አይሁን። ሁለት ወይም ሦስት ታናናሾችን በቀን አንድ ሰዓት ሰብስቦ ክፍልፋይ ማስተማር ከማንኛችንም አቅም በላይ አይደለም፤ ለእነሱ ግን ያ አንድ ሰዓት ከመስመሩ በላይና በታች ያለው ልዩነት ሊሆን ይችላል።