ሦስት እግር ያለው የሚዛን መስቀያ

የሀብሩ ወረዳ ከተማ መርሳ ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። በአካባቢዋ ጤፍና ማሽላ ስለሚመረት፣ የእህል ነጋዴ የተንጠልጣይ ሚዛኑን ይዞ እስከ ገጠር ገበያ መውረዱ የታወቀ ነው። በዚያም መስቀያ ያጣ እንደ ሆነ፣ ሁለት ሰዎች ሚዛኑን በእንጨት አድርገው በትከሻቸው ይሸከሙለታል። ትከሻ ሲወዛወዝ ግን መርፌው አይረጋም፤ ሻጩም ይጠራጠራል።

ለዚህ መፍትሔው በጥቂት ወጪ የሚሠራ ሦስት እግር ነው። ርዝመታቸው 2 ሜትር ከ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ የደረቁና ያልተሰነጠቁ 3 የባሕር ዛፍ አጣናዎች ይመረጣሉ። ጫፋቸው በጠንካራ ገመድ በአንድነት ይታሰራል፤ ሚዛኑም ከእስሩ ሥር ይሰቀላል። እግሮቹ እርስ በርሳቸው 1 ሜትር ከ50 ያህል ይራራቃሉ። አራት እግር በወጣ ገባ መሬት ላይ ይንገዳገዳል፤ ሦስት እግር ግን እንደ ጉልቻ ይረጋል።

ነገር ግን ሸክሙ እግሮቹን ወደ ውጭ ስለሚገፋ፣ ሦስቱንም ከግርጌያቸው በገመድ ማያያዝ ግድ ነው። ኩንታል 100 ኪሎ ግራም ነውና፣ እስሩ ቢላላ በሰው ላይ ይወድቃል።

ከመመዘን አስቀድሞ መርፌው ዜሮ ላይ መሆኑን ሻጩ ራሱ ይመልከት። ጆንያው መሬትን ወይም አጣናውን ቢነካ ክብደቱ ጎድሎ ስለሚታይ፣ ገበሬው ይጎዳል። ሥራው ሲያበቃ ገመዱ ይፈታል፤ አጣናዎቹም በአንድ ታስረው በመኪና ወይም በአህያ ይጫናሉ።

ሚዛኑ የታመነ ነጋዴ በሚመጣው መኸርም ሻጭ አያጣም።